ከመድረክ ጀርባ ያሉ የሙዚቃ ሙያዎች

አንድ ዘፈን አድማጭ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፋል። ዜማ የሚደርስ አለ፤ የሚያቀናብር አለ፤ በቀረጻው ላይ ቤዝ ጊታር የሚጫወት፣ ማይክ የሚተክል፣ ድምፅ የሚያመጣጥን፣ ውል የሚያረቅ፣ መብት የሚያስመዘግብ፣ መድረክ የሚያቆም አለ። አድማጩ ስሙን የሚያውቀው ድምፃዊውን ነው፤ ሌሎቹ ግን በቁጥር እጅግ ይበልጡታል። የዓለም አቀፉ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን፣ አይኤፍፒአይ፣ ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024 ከተቀረጸ ሙዚቃ ብቻ በዓለም ዙሪያ 29.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ተገኝቷል። የኮንሰርት ትኬትና የዜማና ግጥም ደራሲዎች የመብት ገቢ ከዚህ ውጭ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሥራው ምን እንደሆነ ነው። ከሥራው እኩል ግን የክፍያውን ዓይነት ማወቅ ይኖርበታል። በሙዚቃው ዓለም ከጀርባ የሚሠራ ሰው ገንዘብ የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው፦ በሠራበት ሰዓት ወይም ቀን ልክ፣ ከሌላ ሰው ገቢ ላይ በሚቆረጥ መቶኛ፣ ወይም ሥራው በተሰማ ቁጥር በሚመጣ የመብት ክፍያ። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አንድ ዘፈን ሠርተው፣ አንዱ የዕለቱን ክፍያ ይዞ ሲሄድ ሌላው ለአሥርተ ዓመታት ሲከፈለው ሊኖር ይችላል። ይህን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የችሎታ ብልጫ ሳይሆን የተፈረመው ወረቀት ነው።

ስቱዲዮ

የስቱዲዮውን ሥራ የሚመራው ፕሮዲዩሰሩ ነው። የትኛው ዘፈን እንደሚቀረጽ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ከተደጋገሙት ቅጂዎች የትኛው እንደሚያዝ፣ መቼ በቃ እንደሚባል ይወስናል። ድምፁን ከአየር ወደ መሣሪያ የሚያስገባው ደግሞ የቀረጻ መሐንዲሱ ነው። እስከ 1925 አካባቢ ድረስ ቀረጻ ያለ ኤሌክትሪክ የሚካሄድ ነበር። ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ማስገቢያ ፊት ይሰበሰባሉ፤ ድምፁም በቀጥታ ሰም ላይ ይጫራል። ያኔ የባለሙያው ዋና ሥራ ሰዎቹን በቦታ በቦታቸው ማቆም ነበር፤ ድምፃዊው ከቀንዱ አፍ አጠገብ፣ መለከት ነፊው ከሁሉም ኋላ። ማይክሮፎን ከመጣ በኋላም ቢሆን የሙያው እምብርት አልተለወጠም፤ ምን የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ለምሳሌ ድራም ሲቀረጽ ስምንትና ከዚያ በላይ ማይክ ሊተከል ይችላል። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንዱ ማይክ ከከበሮው ቆዳ ሥር፣ ሌላው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ያው ምት ሁለተኛው ማይክ ጋ የሚደርሰው ወደ ሦስት ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው። የሁለቱ ማይኮች ድምፅ ሲደመር አንዳንዱ ሞገድ ይጠነክራል፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ከበሮውም ሆድ የሌለው ሆኖ ይሰማል። ጀማሪ ይህን በኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በየብቻው ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ፣ ሊያስተካክል ይታገላል። የለመደው ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ማይኩን ጥቂት ጣት ያህል ያንቀሳቅሳል፣ ወይም የአንዱን ማይክ ፖላሪቲ፣ ማለትም የሞገዱን አዎንታዊና አሉታዊ አቅጣጫ፣ ይገለብጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ያዳምጣል። በዚህ ሙያ ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ይህ መነሣትና መመለስ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

መግቢያው በር ብዙ ጊዜ የረዳትነት ሥራ ነው፤ ኬብል መዘርጋት፣ የተቀረጸውን በሥርዓት ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ ማን ምን እንዳለ መመዝገብ። ጄፍ ኤምሪክ በለንደን የኢኤምአይ ስቱዲዮ ረዳት ሆኖ ሲቀጠር ገና ልጅ ነበር፤ በ1966 የቢትልስ ዋና መሐንዲስ ሲሆን ዕድሜው 20 ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስተምረው የሱዛን ሮጀርስ መንገድ ነው። ሮጀርስ ሥራ የጀመረችው በ1978 የስቱዲዮ መሣሪያ ጥገና ሠልጣኝ ሆና ነው። በ1983 አሜሪካዊው ድምፃዊ ፕሪንስ ዘንድ በቴክኒሻንነት ገባች፤ መሣሪያውን ማንም በማይደርስባት ሁኔታ ታውቀው ስለነበር እሱም ለቀረጻ አስቀመጣት። ለዓመታት የዋና ሥራዎቹ መሐንዲስ ሆነች፤ በኋላም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ሠርታ የበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ መምህርት ሆናለች። የተበላሸ መሣሪያ መጠገን የሚችል ሰው ዛሬም በስቱዲዮዎች በብርቱ ይፈለጋል፤ የሚማረው ግን ጥቂት ነው።

ከቀረጻ በኋላ ሚክሲንግ ይከተላል፦ የተቀረጹትን ብዙ መስመሮች አመጣጥኖ አንድ ዘፈን ማድረግ። ማስተሪንግ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የአልበሙ ዘፈኖች እርስ በርስ እንዲስማሙ፣ በየትኛውም ማጫወቻ ላይ እንዳይበላሹ ይደረጋል። ቦብ ሉድዊግ በ1969 ሌድ ዜፕሊን የተባለውን የሮክ ባንድ ሁለተኛ አልበም ለሸክላ ሲቆርጥ ወፍራሙን ድምፅ ሳይቀንስ አስገባው። በርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው እየዘለለ አስቸገረና ኩባንያው በለዘበ ቅጂ ተካው። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት በመለያ ወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ የሉድዊግ ስም መነሻ ፊደላት የተጫሩበትን ያንን የመጀመሪያውን ሸክላ ነው። የዘመኑ ጣጣ ሌላ ነው፦ እንደ ስፖቲፋይ ያሉ አገልግሎቶች የዘፈኖችን ጩኸት ወደ አንድ ልክ ስለሚያቀራርቡ፣ ከሌላው ጎልቶ ለመሰማት ሲባል ድምፁን ማጨናነቅ ጥቅሙ ቀንሷል።

የስቱዲዮ ተቀጣሪ ሙዚቀኞችና አቀናባሪዎች ጉዳይ ደግሞ ልብ ይነካል። በዲትሮይት የሞታውን ኩባንያ ቀረጻዎች ላይ የተጫወቱት ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት ሙዚቀኞች በ1960ዎቹ በዓለም ዙሪያ የተሰሙ እጅግ ብዙ ዘፈኖችን ሠርተዋል። የሚከፈላቸው በቀረጻው ልክ ነበር፤ ስማቸውም በአልበሞቹ ላይ አይጻፍም ነበር። በአልበም ላይ የተዘረዘረላቸው በ1971 በድምፃዊው ማርቪን ጌይ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእነርሱ አንዱ የሆነውን የጄምስ ጄመርሰንን ቤዝ ሚሊዮኖች በየዕለቱ እየሰሙ ተጫዋቹ ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። በ1961 የተፈረመው የሮም ስምምነት ለተጫዋቾችም መብት ሰጥቷል፤ ስምምነቱን በተቀበሉ በርካታ አገሮች ቀረጻው በሬዲዮ ሲተላለፍ ተቀጣሪው ሙዚቀኛም ድርሻ ይደርሰዋል። በአሜሪካ ግን ተራው የሬዲዮ ጣቢያ እስከ ዛሬ ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አይከፍልም። ይህ ኢፍትሐዊ ነው፤ ሊለወጥም ይገባል።

ኮንሰርት

ቢትልስ በ1965 በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ሲጫወቱ ከ55,000 በላይ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ድምፃቸው የወጣው በስታዲየሙ ማስታወቂያ መናገሪያ ስፒከሮች በኩል ስለነበር ሕዝቡ ሙዚቃውን፣ እነሱም ራሳቸውን በቅጡ ሳይሰሙ ቀሩ። የዛሬው የኮንሰርት ድምፅ ሙያ የተወለደው ከእንዲህ ያለው ችግር ነው። አሁን ሥራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። አንዱ መሐንዲስ በሕዝቡ መሐል ተቀምጦ ለሕዝቡ ያመጣጥናል፤ ሌላው ከመድረኩ ጎን ሆኖ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ በሞኒተሩ (ወደ እሱ በዞረው ስፒከር) ወይም በጆሮ ማዳመጫው ምን እንደሚሰማ ይቆጣጠራል። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም፤ ድምፃዊ ከዜማ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ሳይሰማ ሲቀር ነው።

የሥራው ቀን በጠዋት ጭነት በማራገፍ ይጀምርና ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልሶ በመጫን ያልቃል። በመካከሉ ሪገሮች ከጣሪያ ላይ ብዙ ቶን የሚመዝን ስፒከርና መብራት ይሰቅላሉ፤ ከሰው አናት በላይ የሚንጠለጠል ነገር ስለሆነ ያለ ሥልጠና የማይነካ ሥራ ነው። ቫን ሄለን የተባለው ባንድ ለአዘጋጆች በሚልከው የቴክኒክ ውል መሐል ቡናማ ኤምኤንድኤም ከረሜላ እንዳይቀርብ የሚል አንቀጽ ያስገባ ነበር። ድምፃዊው ዴቪድ ሊ ሮዝ እንደተናገረው፣ ቡናማው ከረሜላ ሳህኑ ላይ ከተገኘ አዘጋጁ ውሉን እንዳላነበበ ይታወቃል፤ ያኔ የክብደቱና የኤሌክትሪኩ ዝግጅት ሁሉ እንደገና ይፈተሻል።

የጉዞ ሥራ አስኪያጁ ሆቴል፣ ቪዛ፣ ሰዓትና ገንዘብ ይይዛል። ጊታር የሚያስተካክል፣ መብራት የሚነድፍ፣ ቪዲዮ የሚያስተላልፍም አለ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚከፈላቸው በቀን ወይም በሳምንት ነው፤ ጉዞው ሲያበቃ ክፍያውም ያበቃል። ጆሮም የሥራ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ልክ በ85 ዴሲቤል ጩኸት ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ100 ዴሲቤል ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ የጆሮ መከላከያ ሳይዝ ኮንሰርት ላይ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ እንጀራውን በገዛ እጁ እየቆረጠ ነው።

ውል፣ መብትና መዝገብ

በመቶኛ የሚኖሩት በዋናነት እዚህ ይገኛሉ። ማናጀር በልማድ ከአርቲስቱ ገቢ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ኮንሰርት የሚያስይዝ ወኪል ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የኤልቪስ ፕሬስሊ ማናጀር ቶም ፓርከር ግማሽ እስከ መውሰድ ደርሶ ነበር፤ ከድምፃዊው ሞት በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፕሮሞተሩ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ኮንሰርት ያዘጋጃል፤ ትኬት ካልተሸጠ የሚከስረው እሱ ነው። በቀረጻ ኩባንያ ውስጥ አዲስ ድምፅ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ጆን ሃመንድ ቦብ ዲላንን፣ አሪታ ፍራንክሊንንና ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ለኮሎምቢያ የቀረጻ ኩባንያ ያስፈረመ ሰው ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሰፊው መስክ የመብት አስተዳደር ነው። ታሪኩ ከፓሪስ ይጀምራል። በ1847 ኤርነስት ቡርዤ የተባለ ደራሲ ጓደኞቹን ይዞ የእነርሱ ሥራ በሚጫወትበት ካፌ ገባ፤ የቀረበለትን ጠጥቶ ሒሳብ አልከፍልም አለ። እናንተ ለዜማችን ካልከፈላችሁ እኛም ለመጠጣችሁ አንከፍልም ነበር ክርክሩ። ፍርድ ቤቱ ለደራሲዎቹ ፈረደ፤ በ1851 ሳሴም የተባለው የደራሲዎች ማኅበር ተቋቋመ። አሜሪካ ውስጥ አስካፕ፣ ብሪታንያ ውስጥ ፒአርኤስ የተባሉ ተመሳሳይ ማኅበራት በ1914 ተመሠረቱ።

እያንዳንዱ የተቀረጸ ዘፈን ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉት፦ አንዱ የዜማውና የግጥሙ፣ ሌላው የቀረጻው። ለቀረጻው አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ ለድርሰቱ አይኤስደብሊውሲ የሚባል ሌላ መለያ አለ። የእነዚህ መዛግብት ስህተት ገንዘብ ያስቀራል። በ2021 የዲጂታል ሙዚቃ አገልግሎቶች ባለመብቱ ማን እንደሆነ ሳይለይ የተጠራቀመ ከ424 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኤምኤልሲ ለተባለው፣ የደራሲዎችን የመብት ክፍያ ለሚያከፋፍለው የአሜሪካ ተቋም አስረክበዋል። ስም ተሳስቶ ተጽፎ፣ ድርሻ ሳይመዘገብ ቀርቶ፣ አንዱ ዘፈን በሁለት ርዕስ ገብቶ የቆመ ገንዘብ ነው። መዝገብ ማጥራት አሰልቺ የሚመስላቸው አሉ። ለአንድ አረጋዊ ደራሲ ሳይደርሰው የቆየ ክፍያ ማግኘት ግን በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከሚከበሩት አንዱ ሊሆን ይገባው ነበር።

ለፊልምና ለድራማ ዘፈን የሚመርጥና ሁለቱንም መብት የሚያስፈቅድ ባለሙያም አለ። እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ኬት ቡሽ በ1985 ያወጣችው ዘፈን በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በ2022 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል።

ብዙም የማይጠቀሱት

አንድ ፒያኖ 88 ቁልፍና ወደ 230 ገደማ ክር አለው፤ የክሮቹ ጠቅላላ ውጥረት ከ15 ቶን በላይ ይደርሳል። ቃኚው እያንዳንዱን በጆሮው እያዳመጠ በጥቂት ዲግሪ እያዞረ ያስተካክላል። የኦርኬስትራ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የኖታ ወረቀት ያዘጋጃል፤ የቫዮሊን ቀስት የሚሄድበትን አቅጣጫ ሳይቀር ምልክት ያደርጋል። ሶፍትዌር የሚሠሩም የዚሁ ዓለም ሰዎች ናቸው። በ1997 የወጣውን፣ ከዜማ የወጣ ድምፅ የሚያስተካክለውን ኦቶቲዩን የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀደም ሲል ለነዳጅ ፍለጋ የምድር ውስጥ ሞገድ ይተነትን ነበር።

እንዴት ይገባል

መደበኛ ትምህርት አለ፤ በጀርመን ዴትሞልድ ከተማ ከ1949 ጀምሮ ሙዚቃንና የድምፅ ምሕንድስናን አጣምሮ ይሰጣል። ብዙው ሰው ግን የሚማረው በሥራ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የድምፅ ማጽዳትና የቀላል ማስተሪንግ ሥራዎችን መውሰድ ጀምሯል፤ ገመድ የሚዘረጋውን፣ ድምፃዊውን የሚያረጋጋውንና በውሉ ላይ የሚደራደረውን ግን በቀላሉ አይተካም። ለጀማሪ የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ዕውቀት፣ ሰዓት ማክበርና ውል ማንበብ ከማንኛውም ፕሮግራም ይቀድማሉ።

ከሁሉም በፊት መልመድ ያለበት ደግሞ የድርሻ ወረቀት ነው። ዘፈኑ በተሠራበት ዕለት፣ ሰው ከክፍሉ ሳይወጣ፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የእያንዳንዱ ደራሲ ሙሉ ስም፣ የተመዘገበበት የመብት ማኅበርና ድርሻው በመቶኛ ይሰፍርበታል፤ የሁሉም ድምር 100 መሆን አለበት፤ ከዚያ ሁሉም ይፈርማሉ። አቀናባሪው ወይም ፕሮዲዩሰሩ ከዜማው ድርሻ አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር የሚፈታው በዚያች ሰዓት ነው፤ ዘፈኑ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ጠበቃ ይሄዳል።