የሰብዓዊ መብት ማስተርስ ስትመርጡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሕግ የተመረቁ ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ውሎ አድሮ ማስተርስ ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ አንዷ ጠበቃ ቢሮ ትረዳለች፣ አንዱ ገና ሥራ እየፈለገ ነው። በሰብዓዊ መብት ሕግ መቀጠል የሚፈልግ ከመካከላቸው አይጠፋም። ምክር ሰጪም እንዲሁ። ችግሩ ከምክሩ ውስጥ ብዙው ልክ አለመሆኑ ነው።

«ውጭ ይሁን እንጂ የትም ቢሆን ይሻላል»

በአፍሪካ በዘርፉ ስሙ በደንብ የሚጠራውን እንይ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ «ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ በአፍሪካ» የሚል የአንድ ዓመት ኤልኤልኤም፣ ማለትም የሕግ ማስተርስ፣ ይሰጣል። ከአህጉሩ ሁሉ ሠላሳ ያህል ተማሪ ይቀበላል። የመጀመሪያው መንፈቅ ፕሪቶሪያ ነው። ለሁለተኛው ተማሪዎቹ ወደ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ይበተናሉ። ከአጋሮቹ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ «እዚህማ ምን አለ» ብለን ወዳለፍነው ግቢ ሰው ከጋና ወይም ከማላዊ ይላካል ማለት ነው።

ውጭ ያሉትም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንግሊዝ ያለው የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም የአንድ ዓመት ነው፤ ተማሪዎች ከድርጅቶች ጋር በእውነተኛ ጉዳይ ላይ የሚሠሩበት ክሊኒክ አለው። ስዊድን ያለው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ረጋ ብሎ ምርምር ለሚፈልግ ይመቻል። ቬኒስ ላይ የሚጀምረው የአውሮፓ የጋራ ማስተርስ ደግሞ በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ይወስዳችኋል። ስለዚህ ከአገሩ ስም በፊት ማን እንደሚያስተምር፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ዌብሳይቱ ላይ የተደረደሩት ምርጫ ኮርሶች ዘንድሮ በእርግጥ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። የኮርስ ዝርዝር ሁሌም ከክፍሉ ፕሮግራም ይረዝማል።

«ሕግ ያልተማረ ሰብዓዊ መብት መማር አይችልም»

ኤልኤልኤም በመደበኛው የሕግ ዲግሪ ይጠይቃል። ግን ሰብዓዊ መብት በኤምኤ፣ ማለትም የሕግ ዲግሪ በማይጠይቅ ማስተርስ፣ ጭምር ይሰጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም አለው፤ ኤልኤልኤሙ በሕግ ትምህርት ቤት፣ ኤምኤው በሰብዓዊ መብቶች ማዕከል በኩል። በማኅበራዊ ሥራ ወይም በፖለቲካ ሳይንስ የተመረቀ ሰው በኤምኤው በር መግባት ይችላል። ወደፊት ሕግ ማስተማር የምትፈልጉ ግን ኤልኤልኤሙን ያዙ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሲቀጥሩ የሚያዩት እሱን ነው። አገር ውስጥ ለመማር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ እንዳለባችሁም አትርሱ።

«አድሚሽን ካገኘሁ አለቀ»

ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የመቀበያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ቤተሰብ ደስ ይለዋል፣ ጎረቤት ይሰማል። ከዚያ የክፍያው ወረቀት ይመጣል። አድሚሽን ማለት ብቁ ናችሁ ማለት ብቻ ነው። ስኮላርሺፕ ሌላ ማመልከቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ተቋም ነው፣ ቀነ ገደቡም የራሱ ነው። አንዳንዴ የስኮላርሺፑ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ይዘጋል።

ቺቭኒንግን እንውሰድ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። ነገር ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 70 ሳምንት መሆኑ ነው። ዘንድሮ የተመረቀ ልጅ አሁን በማመልከት ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል። ሦስት የተለያዩ ኮርሶች ትመርጣላችሁ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ይህን ሳያነብ የሚፈርም ሰው አለ!

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ገንዘቡን ፈልጉ፣ ከዚያ ገንዘቡ የሚከፍልላቸውን ፕሮግራሞች አወዳድሩ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ደብዳቤ ሰብስቦ ይቀራል።

«ሰብዓዊ መብት ማለት ጄኔቫ ነው»

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ተቋማት ጄኔቫ ስለሆኑ እንዲህ ይባላል። ግን ሕገ መንግሥታችንም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ስለ መብት ነው የሚያወራው። አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። አሁን ይህን ወደ መንዝ ወይም ወደ ጣርማበር ሥር ቆላ ቀበሌ አውርዱት። መኪና የማይገባበት ቦታ የተያዘ ሰው «ተገቢ ጊዜው» ስንት ነው? ማነው የሚቆጥረው? ይህ ጄኔቫ የማይጠየቅ፣ እዚህ ያለ ዳኛ በየጊዜው የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ደህና አድርጎ ለሠራው ሰው ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ደብረ ብርሃን ተፈናቃዮች የተጠለሉበትን «ቻይና ካምፕ» የማያውቅ የለም። ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ስለ ምዝገባ፣ ስለ መታወቂያ ሰነድ፣ ስለ መመለስና ስለ ካሳ ይናገራል። ወረቀቱ ላይ ያለውና ካምፑ ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሚቀራረብ ማጥናት የሚፈልግ ሰው፣ የአፍሪካን የሰብዓዊ መብት ሥርዓት በስሱ ብቻ የሚነካ ፕሮግራም አይጠቅመውም።

የአፍሪካ ሥርዓት ጥርስ የለውም የሚሉም አሉ። በከፊል እውነት ነው። ግን የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን፣ መቀመጫው ባንጁል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን የሚመለከት ውሳኔ ሰጥቷል። ተጠልፋ የተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። መንግሥት 150,000 ዶላር ካሳ እንዲከፍል ወስኗል። ከከሳሾቹ አንዱ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው።

«በኤልኤልኤሙ እዚያው ውጭ አገር ጠበቃ እሆናለሁ»

አትሆኑም። ጥብቅና በየአገሩ የራሱ ፈተናና ፈቃድ አለው። የሰብዓዊ መብት ኤልኤልኤም በአብዛኛው አገር ለዚያ አይበቃም። እዚህም ቢሆን የጥብቅና ፈቃድ መነሻው የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ነው።

«ከተመረቅኩ ዩኤን ይወስደኛል»

የተወሰደ አለ። ያልተወሰደው ይበዛል። ኢትዮጵያ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ፍርድ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሲቪክ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያዩትም ከዲግሪው ጋር ምን እንደሠራችሁ ነው። ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ የሠራ ሰው ይታወቃል።

የማመልከቻ ደብዳቤውም ላይ ይኸው ይሠራል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ ጥልቅ ፍቅር አለኝ» የሚል ደብዳቤ መራጮቹ ጠግበዋል። በእጃችሁ ያለፈ አንድ መዝገብ ጻፉ፤ ስም ሳትጠሩ፣ ጉዳዩ ምን እንደነበር፣ ሕጉ የት ላይ እንደቆመ፣ ከዚያ ፕሮግራም የትኛው ኮርስ እንደሚያስፈልጋችሁ። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል።