በሩቢ ሎግ ላይ ስለ ሜታዳታ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ሩቢ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ሎግ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሆነውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ ነው፤ ሜታዳታ ደግሞ ከመልእክቱ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ መረጃ ነው፣ ለምሳሌ የተጠቃሚው ቁጥር። ብዙ ጊዜ የሚነገሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የተጠቃሚውን ቁጥር መልእክቱ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ ሜታዳታ አለው ማለት ነው።»

አይደለም። «የተጠቃሚ 42 ክፍያ አልተሳካም» የሚለውን ሰው አንብቦ ይረዳዋል። ለማሽኑ ግን ያው አንድ ጽሑፍ ነው። ነገ የሥራ ባልደረባችሁ «42 መክፈል አልቻለም» ብሎ ቢጽፍ ፍለጋችሁ ግማሹን ያጣል። መልእክቱ ሁሌም አንድ ይሁን፤ የሚለዋወጠው ነገር የራሱ ስም ባለው ፊልድ ይቀመጥ።

«የሩቢ ሎገር ይህን አይችልም፤ የግድ ጄም (ተጨማሪ ላይብረሪ) ያስፈልጋል።»

ይችላል። ፎርማተሩ (የሎጉን መስመር ቅርጽ የሚያወጣው ክፍል) አራት ነገር ይቀበላል፦ የክብደት ደረጃ፣ ሰዓት፣ የፕሮግራሙ ስም እና መልእክት። መልእክቱ ሃሽ (ስም እና ዋጋ የተጣመሩበት መረጃ) ቢሆንም ይቀበላል። ሃሹን ወደ ጄሰን (ማሽን በቀላሉ የሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) የሚቀይር ፎርማተር በጥቂት መስመር ይጻፋል። ሥራው ሲሰፋ ሴማንቲክ ሎገር የተባለውን ጄም መጠቀም ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን ሞክሩት።

«የሬይልስ (የሩቢ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ታግ ይበቃል።»

ታግ በቅንፍ ሆኖ መስመሩ ፊት የሚለጠፍ ዋጋ ብቻ ነው። የምን ዋጋ እንደሆነ አይናገርም። ስም እና ዋጋ ያለው መረጃ ከፈለጋችሁ፣ በ2025 የወጣው ሬይልስ 8.1 ለዚሁ የተሠራ የኢቨንት መዝጋቢ አለው።

«ሜታዳታውን አንዴ ትሬዱ (ሪኩዌስቱን፣ ማለትም ከተጠቃሚው የመጣውን ጥያቄ የሚያስተናግደው የሥራ መስመር) ላይ ካስቀመጥኩት በቃ።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ፑማ የተባለው የሩቢ ድር ሰርቨር አንድን ትሬድ ለብዙ ሪኩዌስት ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ያስቀመጣችሁት ካልጸዳ፣ የአንዱ ደንበኛ ቁጥር በሌላው ሎግ ላይ ይወጣል። ያኔ ችግር ስትፈልጉ የማይመለከተውን ሰው ታሳድዳላችሁ። ባዶ ሎግ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም። ስለዚህ ማጽዳቱ ስህተት ቢፈጠርም እንዲሠራ ኢንሹር በሚባለው የሩቢ ክፍል ውስጥ ይግባ። ሬይልስ ላይ ከሆናችሁ ከረንት አትሪቢዩትስ የሚባለው የመረጃ ማስቀመጫ በየሪኩዌስቱ ራሱን ያጸዳል።

ሌላም አለ። ሥራዎችን (ጆቦችን) ከጀርባ የሚያስኬደው ሳይድኪክ የተባለው ጄም የሚሠራው በሌላ ፕሮሰስ ነው። ትሬዱ ላይ ያለው ነገር ወደዚያ አይሻገርም። የሪኩዌስቱን መለያ ከጆቡ ጋር አብራችሁ ካልላካችሁ፣ ሎጎቹን የሚያያይዘው ክር እዚያው ይበጠሳል።

«ፓስዎርድን ሬይልስ ይደብቅልኛል።»

የሬይልስ ማጣሪያ በዋናነት የሚሸፍነው ሬይልስ ራሱ የሚመዘግባቸውን የሪኩዌስት ፓራሜትሮች ነው። እናንተ በእጃችሁ ለሎገር የሰጣችሁትን ሃሽ አይነካም። የተጠቃሚውን ኦብጀክት እንዳለ አታስገቡ፤ የሚያስፈልጓችሁን ፊልዶች ብቻ መርጣችሁ ስጡት።