ክፍያ ሲያጣላ የሚጠፉት ጣቢያዎች፦ የአሜሪካ ሳተላይት ቴሌቪዥንና የከተማ ቻናሎች

አሜሪካኖች ብላክአውት የሚሉት ነገር አለ። የሳተላይት ወይም የኬብል ኩባንያ አንድን የከተማ ጣቢያ ከደንበኞቹ ስክሪን ላይ ሲያነሳ ነው እንደዚያ የሚባለው። ጣቢያው አልተበላሸም። ሳተላይቱም ችግር የለበትም። ሁለቱ ድርጅቶች በገንዘብ አልተስማሙም፤ ያ ብቻ ነው። በአንቴና የሚያይ ሰው ያንኑ ጣቢያ በነጻ ማየቱን ይቀጥላል። ወርሃዊ ሂሳቡን በሰዓቱ የከፈለው የሳተላይት ደንበኛ ግን ቻናሉን ሲከፍት የሚያገኘው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። መልእክቱ ጥፋቱ የሌላኛው ወገን እንደሆነ ይነግረዋል።

እዚህ የምናየው በተለይ ሁለቱን ትልልቅ የሳተላይት ኩባንያዎች፣ ዳይሬክቲቪንና ዲሽ ኔትወርክን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጣቢያው የማን ነው?

በኢትዮጵያ አንድ ቻናል ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሳተላይት ለመላው ሀገር ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ የሚባሉት ሀገር አቀፍ ኔትወርኮች ተመልካች ጋ የሚደርሱት በየከተማው ባሉ ጣቢያዎች በኩል ነው። ሀገሪቱ በ210 የቴሌቪዥን ገበያዎች ተከፋፍላለች። ክፍፍሉን የሚያወጣው የተመልካች ቁጥር የሚለካው ኒልሰን ነው። በየገበያው የኤቢሲ ጣቢያ፣ የኤንቢሲ ጣቢያ እያለ ይቀጥላል። ጣቢያው ከኔትወርኩ የአሜሪካን ፉትቦልና የማታ ፕሮግራሞችን ይወስዳል። የከተማውን ዜና፣ የአየር ሁኔታ ትንበያና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ራሱ ይሠራል።

አብዛኞቹ ጣቢያዎች የኔትወርኩ ንብረት አይደሉም። ባለቤቶቻቸው እንደ ኔክስታር፣ ሲንክለር፣ ግሬይ፣ ቴግናና ኸርስት ያሉ፣ በብዙ ከተሞች ጣቢያ ያላቸው ኩባንያዎች ናቸው። ይሄ ለጭቅጭቁ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ኮንትራት ሲያልቅ የሚጠፋው አንድ ጣቢያ አይደለም፤ መቶ ከተማ በአንድ ሌሊት ሊጠፋበት ይችላል።

የ1992ቱ ሕግ

ከ1992 በፊት የኬብል ኩባንያዎች የከተማውን ጣቢያ ከአየር ላይ ተቀብለው ለደንበኞቻቸው ያደርሱ ነበር። ለጣቢያው ሰባራ ሳንቲም አይከፍሉም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1968ና በ1974 የኬብል ኩባንያዎቹ የቅጂ መብት አልጣሱም ተብሎ ተፈርዷል።

በ1992 ኮንግረስ አዲስ የኬብል ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ውድቅ አደረጉት። ኮንግረሱ ግን በሴኔት 74 ለ25፣ በተወካዮች ምክር ቤት 308 ለ114 በሆነ ድምጽ ሕጉን አጸደቀው። በቡሽ የሥልጣን ዘመን ከተደረጉት ቬቶዎች ሁሉ የተሻረው ይሄ ብቻ ነው። ሕጉ የኬብል ሂሳብ መወደድን ለመግታት የወጣ ነበር። የዛሬው ብላክአውት የተወለደው ከዚያው ሕግ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሕጉ ለእያንዳንዱ የንግድ ጣቢያ በየሦስት ዓመቱ የሚመርጠው ሁለት መንገድ ሰጠው። በአንደኛው ጣቢያው ኩባንያውን የግድ እንዲያሳየው ያስገድዳል፤ ገንዘብ ግን አይጠይቅም። ይህን የሚመርጡት ብዙ ተመልካች የሌላቸው ጣቢያዎች ናቸው። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ያለ ፈቃዴ እንዳታሳዩኝ ይላል፤ ለፈቃዱም ዋጋ ይደራደራል። ፉትቦልና ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ያላቸው ጣቢያዎች ይህን ይመርጣሉ። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ አለው። ኮንትራቱ ካለቀና ካልታደሰ ኩባንያው ጣቢያውን ማሳየቱ ሕገወጥ ይሆናል። ስለዚህ ጣቢያው አነሱን ሲል ኩባንያው ደግሞ ከለከሉን ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

የሕዝብ ጣቢያዎች፣ ማለትም ፒቢኤስን የሚያስተላልፉት፣ ፈቃድ የመሸጥ መብት የላቸውም። በዚህ ጠብ የማይጠፉትም ለዚህ ነው።

ሳተላይቱ ሲገባበት

ዳይሬክቲቪ ሥራ የጀመረው በ1994 ነው። ቻርሊ ኧርገን የመሠረቱት ኤኮስታር ደግሞ በ1996 ዲሽ ኔትወርክን አመጣ። ያኔ የሳተላይት ደንበኛ የከተማውን ዜና ማየት ከፈለገ ጣሪያው ላይ ተጨማሪ አንቴና መስቀል ነበረበት። በ1999 የወጣው ሕግ ሳተላይቶቹ የየከተማውን ጣቢያ ለዚያው ከተማ እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ አንድ ግዴታ ተጨመረ፦ ከአንድ ከተማ አንድ ጣቢያ ያሳየ ኩባንያ፣ መታየት የሚፈልጉትን የዚያን ከተማ ጣቢያዎች ሁሉ ማሳየት አለበት። ዲሽ ኔትወርክ 210ሩንም ገበያዎች ያዳረሰው በ2010 ነው።

ለሳተላይት ኩባንያዎቹ ይሄ ትልቅ ድል ነበር። የከተማ ዜና ይዘው ከኬብል ጋር እኩል መወዳደር ቻሉ። በዚያው መጠን ግን የጣቢያዎቹ ፈቃድ ጥገኛ ሆኑ።

ገንዘቡ

በመጀመሪያው ዙር ድርድር፣ በ1993፣ የኬብል ኩባንያዎች ጥሬ ገንዘብ አንከፍልም ብለው ጸኑ። ኔትወርኮቹም በምትኩ ለአዳዲስ ቻናሎቻቸው ቦታ ጠየቁ። የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን 2 እና ኤፍኤክስ ወደ ብዙ ቤት የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ሲቢኤስ ባዶ እጁን ቀረ።

በኋላ ሳተላይት ሲስፋፋ የኃይል ሚዛኑ ተገለበጠ። ኬብሉ አልከፍልም ቢል ደንበኛው ወደ ሳተላይት ይሄዳል፤ ሳተላይቱ እምቢ ቢልም እንዲሁ። ጣቢያዎቹ ይህን አውቀው ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። በ2006 አካባቢ ከፈቃድ የሚያገኙት በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2020 አካባቢ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ይህ ገንዘብ ሁሉ በከተማው ጣቢያ ኪስ አይቀርም። ድሮ ኔትወርኮቹ ፕሮግራማቸውን እንዲያሳዩላቸው ለጣቢያዎቹ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ የሚከፍለው ጣቢያው ነው፤ ከፈቃድ ገቢው ትልቁ ድርሻ ወደ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ከኔትወርኩም ወደ ስፖርት ሊጎቹ። የከተማ ዜናን ለማዳን ነው የሚለውን የጣቢያዎቹን ክርክር ስሰማ ይህን ማስታወስ ግድ ይለኛል። እውነት አለበት፤ የማስታወቂያ ገቢ በኢንተርኔት ምክንያት ተሸርሽሯል፤ ጋዜጠኛ ለመቅጠር ገንዘብ ያስፈልጋል። ግን ከጭማሪው ስንቱ ለዜና ክፍሉ እንደሚውል ለደንበኛው የሚነግረው የለም። የሳተላይት ኩባንያዎቹም ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ ብለን ነው ይላሉ፤ ከስምምነቱ በኋላ ግን ሂሳቡ ይጨምራል።

ትልልቆቹ ጠቦች

በኦገስት 2015 ሲንክለርና ዲሽ ኔትወርክ ተጣሉ። በ79 ገበያዎች ያሉ 129 ጣቢያዎች ጠፉ፤ እስከዚያን ጊዜ ከታየው ሁሉ ትልቁ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍሲሲ፣ ሊቀመንበር የነበሩት ቶም ዊለር ወዲያው ጣልቃ ገቡና ሁለቱ ወገኖች በማግስቱ ተስማሙ። እንዲህ በፍጥነት የሚያልቅ ግን ጥቂት ነው።

በጁላይ 2019 ኔክስታርና የያኔው የዳይሬክቲቪ ባለቤት ኤቲኤንድቲ ሳይስማሙ ቀሩ። በ97 ገበያዎች ከ120 በላይ ጣቢያዎች እስከ ኦገስት መጨረሻ ጠፍተው ቆዩ። በዚያው ጁላይ ሲቢኤስም ከኤቲኤንድቲ ጋር ተጣልቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ኔክስታር በዚያው ዓመት ትሪቡን ሚዲያን ገዝቶ የሀገሪቱ ትልቁ የጣቢያ ባለቤት ሆነ። በዲሴምበር 2020 ተራው የዲሽ ኔትወርክ ነበር፤ 164 የኔክስታር ጣቢያዎች በ115 ገበያዎች ጠፉ፤ የተመለሱት በገና ሰሞን ነው። በ2023 ደግሞ ኔክስታርና ዳይሬክቲቪ እንደገና ተጣሉ፤ ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ቆየ። ዳይሬክቲቪ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኔክስታርንና ከእሱ ጋር የሚሠሩትን የጣቢያ ባለቤቶች ሚሽንንና ኋይት ናይትን ዋጋ ለመስቀል ተመሳጥረዋል ብሎ ከሷቸው ነበር።

የቀኖቹን አቀማመጥ ያየ ሰው የድርድሩን ስልት ይረዳል። ጠቡ በአሜሪካ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ፣ ከጀመረ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ የፉትቦል ወቅት ሊከፈት ሲል ወይም እንደተከፈተ ይመጣል። በመኸር ከጀመረ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የፉትቦሉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሲቃረብ። ጣቢያዎቹ ኮንትራቱ ሰው ቴሌቪዥኑን በጣም በሚፈልግበት ሰሞን እንዲያልቅ ይጥራሉ፤ ጉልበታቸው ያኔ ነውና።

ከሁሉም የተወራለት የሴፕቴምበር 2024ቱ ነው። የኤቢሲና የኢኤስፒኤን ባለቤት ዲዝኒና ዳይሬክቲቪ ሳይስማሙ ቀርተው ከ11 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ኢኤስፒኤንን አጡ። በኒውዮርክ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በቺካጎ፣ በፊላደልፊያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሂውስተን፣ በፍሬስኖና በራሌይ ደርሃም ያሉትም የዲዝኒን የኤቢሲ ጣቢያዎች አጡ። የትራምፕና የሃሪስ ክርክር በኤቢሲ የተላለፈው በዚያው መካከል፣ ሴፕቴምበር 10 ነው። ክርክሩ በሌሎች ቻናሎችም ስለታየ ሰው ከነጭራሹ አላመለጠውም። ስምምነቱ ሴፕቴምበር 14 መጣ።

የዲሽ ኔትወርክና የዩኒቪዥን ጠብ ለብቻው መነሳት አለበት። ዩኒቪዥን የስፓኒሽ ቋንቋ ኔትወርክ ነው። ከጁን 2018 መጨረሻ እስከ ማርች 2019፣ ዘጠኝ ወር ያህል ጠፋ። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው አረጋውያን ዜና የሚሰሙት በዚያ ነበር። እንዲህ ያለ ተመልካች ቻናል ቀይር ቢባል የሚቀይርበት ብዙ ምርጫ የለውም።

ሐበሻ በሚበዛባቸው ከተሞች

ቴግና የሚባለው ኩባንያ ጣቢያዎች ያሉባቸውን ከተሞች ልብ በሉ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ አትላንታ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዳላስ። የኢትዮጵያውያን ትልልቅ ማኅበረሰቦች ያሉት እነዚሁ ከተሞች ውስጥ ነው። ቴግና ከዲሽ ኔትወርክ ጋር ሲጣላ ከኦክቶበር 2021 እስከ ፌብሩዋሪ 2022 መጀመሪያ፣ አራት ወር ገደማ ከ60 በላይ ጣቢያዎች ጠፉ። ከዳይሬክቲቪ ጋር ደግሞ ከኖቬምበር 2023 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 13፣ 2024 ተቋረጡ። ሁለቱም የአሜሪካን ክረምት ነክተዋል። በሚኒያፖሊስና በዴንቨር ክረምት ማለት በረዶ ማለት ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት ያለው፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው የበረዶውን ዜና ይፈልጋል።

በኦገስት 2025 ኔክስታር ቴግናን በ6.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ብዙ ከተሞች በአንድ ባለቤት እጅ ሲገቡ የአንዱ ኮንትራት ጠብ የሚያዳርሰው ቤትም ይበዛል።

የሀገር ቤቱ የሳተላይት ቴሌቪዥን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። በኢትዮሳት የሚተላለፉት ቻናሎች ለተመልካች ነጻ ናቸው። እዚያ ለሳተላይቱ ኪራይ የሚከፍለው ቻናሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ገንዘቡ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚፈሰው።

ጎረቤት ከተማን ማየት ለምን አይቻልም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የእኔ ከተማ የኤንቢሲ ጣቢያ ከጠፋ፣ ሳተላይቱ የሌላ ከተማውን ለምን አይሰጠኝም? ሕጉ አይፈቅድም። የሩቅ ከተማ ጣቢያ የሚፈቀደው ለጥቂቶች ነው፤ ለምሳሌ በመኪና ቤት ለሚጓዙና ለከባድ መኪና ሾፌሮች። ዲሽ ኔትወርክ ራሱ ይህን ገደብ ጥሶ ስለተገኘ በ2006 በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሩቅ ጣቢያ ማቅረብ ተከልክሎ ነበር። እናም በእያንዳንዱ ገበያ የኔትወርኩ ጣቢያ ተተኪ የለውም። የመደራደር ጉልበቱም ከዚህ ይመነጫል።

ኤፍሲሲ ምን ያደርጋል?

ኤፍሲሲ ሁለቱ ወገኖች በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያዛል። ዋጋ አይወስንም። ፈቃድ ሳይሰጥ ጣቢያው እንዲታይ የማስገደድ ሥልጣን የለኝም ብሎም ያምናል። በ2014 በአንድ ከተማ ያሉ የተለያየ ባለቤት ያላቸው ትልልቅ ጣቢያዎች ተባብረው እንዳይደራደሩ ከለከለ። በ2020 ደግሞ ከኤቲኤንድቲ ጋር በቅን ልቦና አልተደራደሩም ባላቸው 18 ጣቢያዎች ላይ እያንዳንዳቸው ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ያለ እርምጃ ግን ብርቅ ነው። በጃንዋሪ 2024 ኮሚሽኑ ቻናል ለጠፋበት ደንበኛ ገንዘብ ተመላሽ እንዲደረግ የሚያስገድድ ደንብ ሐሳብ አውጥቶ ነበር። ያለ ደንብ ግን ቅናሽ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ራሱ ደውሎ የተከራከረ ሰው ነው። ያልተቀበለውን ዕቃ ዋጋ ለማስመለስ መለመን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ለተመልካቹ የቀረው መንገድ

ሌላ መንገድ የሞከሩ ነበሩ። ኤሪዮ የሚባል ኩባንያ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትንሽ አንቴና እያከራየ ጣቢያዎችን በኢንተርኔት ያሳይ ነበር፤ በጁን 2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ፈረደበት። በ2018 በኒውዮርክ የተጀመረው ሎካስት፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጠ። እሱም በ2021 በፍርድ ቤት ተሸንፎ ተዘጋ።

አሁን ያለው ቀላሉ መፍትሔ አንቴና ነው። በከተማ ወይም በከተማ ዳር ለሚኖር ሰው መስኮት ላይ የሚለጠፍ ርካሽ አንቴና ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጥራቱም ከሳተላይቱ አያንስም። ሁለቱም የሳተላይት ኩባንያዎች የከተማ ጣቢያዎችን ከፓኬጁ ላወጣ ደንበኛ በወር አስር ዶላር ገደማ የሚቀንሱበት አማራጭ አምጥተዋል። ችግሩ ከማስተላለፊያ ማማው ርቀው፣ ከተራራ ጀርባ ወይም በሸለቆ ውስጥ ለሚኖሩት ነው። እነሱ መጀመሪያም ሳተላይት ያስገቡት አንቴናና ኬብል ስለማይደርሳቸው ነበር። ብላክአውት ሲመጣ የዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከከተማቸው ጣቢያ የሚሰሙበት ሌላ ስክሪን፣ ጥሩ ኢንተርኔት ከሌላቸው፣ አይኖራቸውም።