ዘጋቢ ፊልም ላይ ዳይሬክተር ምንድን ነው? ፕሮዲዩሰርስ?

ፊልም አልቆ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ አብዛኛው ሰው ይነሳል። ቁጭ ብሎ ያነበበ ግን በዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ነገር ያያል። «ዳይሬክተር» ከሚለው አጠገብ ያለው ስም ብዙ ጊዜ «ፕሮዲዩሰር» ላይም ይደገማል። አንዳንዴ ካሜራውም ኤዲቲንጉም ያው ሰው ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ይወጣሉ፣ ያውም አብዛኞቹ ወደው አይደለም።

መጀመሪያ እንለያቸው። ዳይሬክተሩ የታሪኩ ኃላፊ ነው። ማንን እንከተል፣ ካሜራው የት ይቁም፣ የቱ ይቆረጥ የሚለውን እሱ ይወስናል። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ ፊልሙ እውን እንዲሆን የሚያደርገው ሰው ነው፤ በጀት ይሠራል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ውል ይፈራረማል፣ የድሮ ምስልና የሙዚቃ መብት ይገዛል፣ ሲያልቅም ፊልሙን ወደ ፌስቲቫልና ቴሌቪዥን ጣቢያ ይዞ ይዞራል። ብዙ ሰው ፕሮዲዩሰር ሲባል ኪሱ የሞላ ሰው ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚሰጠው ሌላ ነው፤ እሱ ፕሮፖዛል እየጻፈ በር የሚያንኳኳው ነው።

ታዲያ ለምን አንድ ሰው ሁለቱንም ይይዛል? ልብ ወለድ ፊልም ላይ መጀመሪያ ስክሪፕት ይጻፋል፣ ከዚያ በጀት ይወጣለታል። እዚህ ግን ነገ ምን እንደሚፈጠር ማንም አያውቅም። ባለታሪኩ ዛሬ ፍርድ ቤት ከቀረበ ዛሬ መቀረጽ አለበት። ገንዘቡ እስኪመጣ ከጠበቅክ ታሪኩ ያመልጥሃል፣ ሳይመጣ ከጀመርክ ደግሞ ወጪው አንተው ላይ ነው። በቃ፣ ሳታስበው ፕሮዲዩሰር ሆንክ ማለት ነው።

ከጥንትም እንዲሁ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ፍላኸርቲ በሰሜን ካናዳ ኢኑይቶችን (የዚያ በረዷማ አገር ነባር ነዋሪዎችን) የቀረጸበትን ኔጌቲቭ፣ ማለትም ዋናውን የፊልም ጥቅል፣ በ1916 ራሱ በጣለው ሲጋራ አቃጠለው። እንደገና ለመቅረጽ ገንዘብ የሰጠው አንድ የፈረንሳይ የፀጉር ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ነው። «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» በ1922 ወጣ። ፍላኸርቲ ገንዘቡን አፈላልጎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ መራ። የኢኑይቶቹ የበረዶ ቤት ውስጥ ለቀረጻ ብርሃን ስለማይበቃው ግማሹ ክፍት የሆነ ቤት አሠርቶ ሰዎቹ እዚያ ውስጥ እንደሚኖሩ አድርጎ ቀርጿል። «ይህ እውነት ነው ወይስ ትወና?» የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። «ዶክመንተሪ» (የዘጋቢ ፊልም የእንግሊዝኛ ስም) የሚለው ስያሜ ራሱ የተለመደው የፊልም ሐያሲው ጆን ግሪርሰን በ1926 ስለ ፍላኸርቲ ሁለተኛ ፊልም ከጻፈ በኋላ ነው።

የጊዜውን ነገር ብዙ ጀማሪ አይገምተውም። «ሁፕ ድሪምስ» ሁለት የቺካጎ ታዳጊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን የሚከተል ፊልም ነው። ሲታሰብ የ30 ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀረጻው አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ፣ 250 ሰዓት ያህል ምስል ተሰበሰበ፣ በ1994 ሲወጣ ፊልሙ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ተጣለ። ስለዚህ የዘጋቢ ፊልም ስክሪፕት በአብዛኛው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። በነዚያ ዓመታት ቤት ኪራይ የሚከፍለውስ? ብዙዎች ያስተምራሉ፣ ማስታወቂያ ይሠራሉ፣ የሌላ ሰው ፊልም ኤዲት ያደርጋሉ።

ውልና ፈቃድ የመሰለውን ወረቀት የሚንቅ ደግሞ በኋላ ይጎዳል። ዳይሬክተሩ ኤሮል ሞሪስ «ዘ ቲን ብሉ ላይን» የተባለውን ፊልም በ1988 አወጣ። ፊልሙ ፖሊስ ገድለሃል ተብሎ ያለ ጥፋቱ የታሰረው ራንዳል አዳምስ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ረዳ፤ ሰውየውም በ1989 ተፈታ። ከዚያ አዳምስ ሞሪስን ከሰሰው! ጠቡ አዳምስ በፈረመው ውል ምክንያት የሕይወት ታሪኩ መብት የማን ነው በሚል ነበር፤ ኋላ ተስማምተው ጨረሱት። ዳይሬክተሩ ሰው ከእስር ያስፈታ ፊልም ሠርቷል፤ ከባለታሪኩ ጋር ያጣላው ግን የፕሮዲዩሰር ወረቀት ነው።

ሙያው ፈቃድ ወይም የተለየ ዲግሪ አይጠይቅም። ታዋቂው አሜሪካዊ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ፍሬድሪክ ዋይዝማን ሕግ አስተማሪ ነበር፤ የመጀመሪያ ዘጋቢ ፊልሙን በ1967 ያወጣው ወደ አርባ ሲጠጋ ነው። ከጋዜጠኝነት የሚመጣ አለ፣ ከድምፅ ሥራ የሚመጣ አለ። ለጀማሪ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ኤዲቲንግ እላለሁ፤ ቀረጻ ላይ ምን እንደጎደለ የሚታየው እዚያ ነውና። አንድ ፊልም የጨረሰ ሰው ግን ለሁለተኛው ቀድሞ የሚፈልገው አዲስ ካሜራ ሳይሆን ኢሜይሉን የሚመልስለት፣ በጀቱን የሚይዝለት፣ «ይህን አንችልም» የሚለው ፕሮዲዩሰር ነው። ካገኘ ማለቴ ነው።