የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየምና የማኅበረሰብ ትምህርት፤ ከጅማ ሲታይ

የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚባለው በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ሥር ሆኖ የጥበብ ሥራዎችን የሚሰበስብ፣ የሚጠብቅና ለእይታ የሚያቀርብ ቤት ነው። ከሌሎች ሙዚየሞች የሚለየው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ማስተማር ሥራው የሆነ ተቋም ስለሆነ ትኬት ቆርጦ፣ ጎብኚ አስገብቶ፣ ማታ በር መዝጋት ብቻውን አያምርበትም። የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን በ1683 ለሕዝብ ሲከፈት ይህ ዓይነቱ ሙዚየም ገና አዲስ ነገር ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እኛ ቀረብ ስንል በኡጋንዳ እንግሊዛዊቷ መምህርት ማርጋሬት ትሮዌል በ1930ዎቹ የጀመሩት የሥዕል ትምህርት ሥር ሰድዶ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1969 የራሱን ጋለሪ ከፍቷል።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተጀመረው በቤተ መንግሥት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ከሰጡ በኋላ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የተቋሙ ሙዚየም ዛሬም ስድስት ኪሎ ነው፤ የገበሬ ዕቃውም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሉም፣ የንጉሡ መኝታ ቤትም እዚያው ይታያል። የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ የሚጠራው በ2008 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ በ1981 አሜሪካ ውስጥ በስደት ነው ያረፈው። ረቂቅ ሥዕሎቹን፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር መልክ የማይይዙትን፣ ለሕዝብ ሲያሳይ "ይሄ የእኛ አይደለም" ያሉት ብዙ ነበሩ። ከጀርመን የተመለሱት ሥራዎቹ አሁን የማዕከሉ መሠረት ናቸው። የአይስላንድና የዴንማርክ ዝርያ ያለው አርቲስት ኦላፉር ኤሊያሰን በ2015፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ በ2016 ሥራዎቻቸውን እዚያ አሳይተዋል።

ከጅማ ለሚነሳ ሰው ግን ይህ ሁሉ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሥዕል ለማየት ሌሊት ተነስቶ አውቶብስ ይሳፈር አይባልም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ማኅበረሰቡን እንዴት ያስተምር የሚለውን ጥያቄ እዚሁ ባለው ነገር መጀመር ይሻላል፤ እዚህ ያለው ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተቋቋመው ሁለት ቀደምት ተቋማት ተዋህደው ነው። አንዱ በ1952 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ ሌላው በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ከጤና ኢንስቲትዩቱ የወረሰው ትልቁ ሀብት ሕንፃ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይገባሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ያገኙትን ችግር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከነዋሪው ጋር ዕቅድ ያወጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ሄደው የሠሩትን ይመዝናሉ። ልምምዱ ለሐኪም ተማሪ ብቻ ተብሎ አልተተወም፤ በሌሎች የትምህርት ዘርፎችም ገብቷል።

የሙዚየም ባለሙያዎች "የማኅበረሰብ ፕሮግራም" የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በነሐሴ 2022 ፕራግ ላይ ያጸደቀው አዲስ ትርጓሜ ሙዚየም ማኅበረሰቦችን አሳትፎ እንዲሠራ ይላል። ጅማ ውስጥ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች በር አንኳኩተው "ስንት ሰው ይኖራል? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ?" ሲሉ ያልሰማ ሰፈር ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት የጎደለው፣ ስለ ውኃው እንደሚጠየቀው ሁሉ ጓዳ ስላለው ዕቃም የሚጠይቅ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው የኦሮሞ ፎክሎርና ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል፤ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም አርክቴክቸር አለው። ጠያቂው ከእነዚህ ቢመጣ ያምራል።

የአባ ጅፋር ዕቃና አንድ በርጩማ

ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ሞቲ አባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። በእንጨት ሥራው ይታወቃል፤ በረንዳው፣ ምሰሶው፣ ደረጃው ሁሉ የአናጺ እጅ ያረፈበት ነው። የንጉሡ ቁመት ከሁለት ሜትር በላይ ነበር እየተባለ ይወራል። ከተማ ውስጥ ያለው የጅማ ሙዚየም ከንጉሡ ቤት የመጡ ዕቃዎችን ይዟል፤ ከነዚህም የጅማ ጠራቢዎች የሚመኩበት የእንጨት መቀመጫ ይገኝበታል።

ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት ጉብኝት አንድ ሙዚየም ስገባ ከሁሉ በላይ የሰማሁት ቃል "አትንኩ!" የሚል ነበር። ተሰልፈን ገባን፣ ተሰልፈን ወጣን። ያየሁትን ረስቻለሁ፣ የአስጎብኚውን ዱላ ግን አልረሳሁም።

በሌላ መንገድ ቢሆንስ? አንድ ባለሦስት እግር በርጩማ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ የንጉሥ ሳይሆን ከገበያ የተገዛ፣ ቢነካም የማያሳስብ። ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጡ። መጀመሪያ ይገልብጡት። ከላይ በመቀመጥ የለሰለሰው እንጨት ከሥሩ የመጥረቢያውን ምት እንደያዘ ነው፤ እያንዳንዱ ምት የጣት ጥፍር ታህል ሰርጉዳለች። ሚስማር ይፈልጉ፤ የለም። ማጣበቂያ ይፈልጉ፤ የለም። እግሩም መቀመጫውም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይምጣ፦ ለምን ሦስት እግር? አንዱ ልጅ እንጨት ለመቆጠብ ይላል። ሌላዋ ባለአራት እግሩን የክፍላቸውን ወንበር ታስታውሳለች፤ ሁልጊዜ ይንገዳገዳል፣ ሁልጊዜ ወረቀት ታጥፎ ሥሩ ይሸጎጣል። ሦስት እግር ግን ወለሉ ጎርባጣም ቢሆን ሦስቱም ይረግጣሉ። ጂኦሜትሪ ተማሩ ማለት ነው፣ መምህሩ ቃሉን ሳያነሳ።

ይህ የአጠያየቅ መንገድ በዓለም ሙዚየሞች ዘንድ ስም አለው። አቢጌል ሃውሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትምህርት ክፍል ይመሩ የነበሩት ፊሊፕ የናዋይን ያዳበሩት ዘዴ በሦስት ጥያቄ ያልቃል፦ እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንዲህ ያስባለህ ምን አይተህ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? መሪው አይፈርድም፤ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ደግሞ ለሌሎቹ ያሰማል፣ ሐሳብ ከሐሳብ ያያይዛል። ለረቂቅ ሥዕል ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። የገብረ ክርስቶስን ሥዕል ፊት አቁሞ "ትርጉሙ ይህ ነው" ብሎ ማስረዳት ልጁ ዓይኑን እንዲከድን መንገር ነው።

ቋንቋው ላይ አጭር ነገር ልበል። ጅማ ውስጥ የዕቃ መግለጫ በአማርኛ ብቻ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከተጻፈ ግማሹ ጎብኚ በሩ ላይ ቀረ ማለት ነው። አፋን ኦሮሞ ግድ ነው፤ የዕቃዎቹ እውነተኛ ስምም ያለው እዚያ ነው። እናቶች ሲመጡ ደግሞ መግለጫውን ከማንበብ ይልቅ ማረም ይቀናቸዋል፤ እርማቱን የሚመዘግብ ሰው በአጠገባቸው ቢኖር ሙዚየሙ ያተርፋል።

እርጥበትና ነቀዝ

በጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። ለቡና በረከት ነው፣ ለሸራና ለወረቀት ግን ጠላት። የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች የአየሩን እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ አድርገው ለማቆየት ይደክማሉ፤ ለወረቀትና ለጨርቅ ሥራ የሚፈቀደው ብርሃንም 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ማለትም ክፍሉ ደንገዝ ይላል። በክረምት መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን በማሽን ብቻ እጠብቃለሁ ማለት ዘበት ነው። ሰፊ ጣሪያ ክዳን፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለልና አየር የሚያዘዋውር መስኮት ብዙ ይረዳሉ፤ የጅሬን በረንዳዎች ይህን ቀድመው ያወቁ ይመስላሉ።

እንጨቱ የራሱ ጣጣ አለው። ገጠር ቤት ውስጥ ያለ በርጩማ በየቀኑ የምድጃ ጭስ ይጠጣል፣ የሰው እጅና ቅባት ያሸዋል፤ ተባይ አይደፍረውም። ሙዚየም ሲገባ ጭሱም እጁም ይቀርበታል። ስለዚህ ጠባቂው በየሳምንቱ ዕቃውን አንስቶ ከእግሩ ሥር ማየት አለበት። ነጣ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወለሉ ላይ ካገኘ ነቀዙ ገብቷል፤ ያ በርጩማ የዚያኑ ቀን ከሌሎቹ መለየት ይኖርበታል።