«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና የሮምና የፋርስ ነገር

ይቺን ተረት መጀመሪያ ልብ ብዬ የሰማኋት ከአክስቴ አፍ ነው። ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ባለቤቶች ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ በውርስ ተጣልተው አንደኛው የውሃ ቆጣሪውን አስዘጋ፣ ሌላኛው ደግሞ የውጪውን በር ቁልፍ ቀየረ፣ እኛ ተከራዮቹ ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ከቦኖ በጀሪካን እየተሸከምን፣ ማታ ማታ በር የሚከፍትልን ሰው እየለመንን ኖርን። አንድ ቀን አክስቴ ቢጫ ጀሪካኗን ደረጃው ላይ አሳርፋ፣ እጀታው የቆረጠውን መዳፏን እያሻሸች «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ ሁላችንም ገባን።

ትርጉሙ ያው ግልፅ ነው። ጉልበት ያላቸው ሁለት ወገኖች ሲጋጩ መከራው የሚወርደው ጠቡ ውስጥ እጁ በሌለበት ሰው ላይ ነው። ሁለት አለቆች ሲጣሉ ሰራተኛው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ልጆቹ፣ መንግስታት ሲጣሉ ገበሬው። አንዳንዱ ሰው «ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል» ብሎ ያሳጥራታል፣ መልዕክቱ ያው ነው።

አመጣጧን ካነሳን ደግሞ ይቺ አባባል የኛ ብቻ አይደለችም፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም በራሳቸው ቋንቋ ቁልጭ አድርገው ይሏታል፣ ምክንያቱም ከዝሆን ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ነገሩን በአይኑ ያየዋል። ትልቅ ወንድ ዝሆን እስከ 6 ቶን ይመዝናል፣ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው ሲገፋፉ እነሱ ቆስለውም ቢሆን በእግራቸው ይሄዳሉ፣ የቆሙበት መሬት ግን እንደ አውድማ ተደልድሎ ይቀራል። ለኛም ዝሆን የሩቅ አገር እንስሳ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዘመን (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምፅፈው) የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ ወደ አክሱም የላከው ኖኖሶስ የሚባል መልዕክተኛ ከአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ መንገድ ላይ ሜዳ ሞልተው የሚግጡ 5000 የሚጠጉ ዝሆኖች እንዳየ ተፅፏል፣ ያገሩ ሰው እንኳን ሊቀርባቸውም ሆነ ከግጦሹ ሊያባርራቸው ይቸገር ነበር ይላል። እዛ ሜዳ ዳር ከብት የሚያረባ ሰው ይቺን ተረት ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም ነበር።

እና እኔ ይቺ ተረት ስትነሳ ሁሌም አይምሮዬ የሚሄደው ያው ዘመን ላይ ነው፣ ኖኖሶስ ለምን እንደመጣ ስታዩ ይገባችኋል። ያኔ አለምን የተከፋፈሉት ሁለት ሱፐርፓወሮች ነበሩ፣ ሮም (ዋና ከተማዋ ቁስጥንጥንያ የነበረችው፣ ዛሬ ቢዛንታይን የምንላት) እና የሳሳኒድ ነገሥታት ፋርስ (የዛሬዋ ኢራን)። ሁለቱ ሜሶፖታሚያ ላይ ፊት ለፊት ይዋጋሉ፣ ከዛ ሲያልፍ ደግሞ በሰው አገር ላይ ይገፋፋሉ። የመን ከነዚህ የሰው አገሮች አንዷ ናት። በ523 ሂምያር የሚባለው የየመን መንግሥት ንጉሥ ዙ ኑዋስ፣ እኛ ጋ ፊንሐስ የሚባለው፣ የናግራን ከተማን ክርስቲያኖች ጨፈጨፈ፣ ከዛም የፋርስ ወዳጅ ለነበረው የሂራ አረቦች ንጉሥ ለሙንዚር አንተም እንደኔ አድርግ ብሎ ደብዳቤ ላከ። ከሮም በኩል ደግሞ ከዮስጢኒያኖስ በፊት የነገሠው ዮስጢኖስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ አማካይነት አፄ ካሌብን ዝመት አለው፣ ካሌብም በ525 ከአዱሊስ መርከብ አስነስቶ ባሕሩን ተሻገረና ዙ ኑዋስን አጠፋው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም በኩራት ነው የምናወራው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ቀጥሎ የመጣውን ተመልከቱ። በ531 አካባቢ የዮስጢኒያኖስ መልዕክተኞች አክሱም መጥተው ሐሩን ከህንድ እናንተ እየገዛችሁ ለኛ ሽጡልን፣ ገንዘባችን ጠላታችን ፋርስ ኪስ እንዳይገባ፣ እናንተም ትርፍ ታገኛላችሁ አሉ። ለየመኖቹም ፋርስን ውጉልን አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ፣ አንዱም አልሆነም፣ ምክንያቱም የህንድ መርከብ መጀመሪያ የሚቆምባቸው ወደቦች ላይ የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው ተቀምጠው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር፣ የየመን ጦር ደግሞ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ከፋርስ ጋር መግጠም የማይሞከር ነገር ነበር። ዮስጢኒያኖስ የፈለገው የራሱን ጠብ በሌላ ሰው ትከሻ መጨረስ ነው፣ አክስቴ ብትሰማው ወዲያው የሚገባት ነገር ነው።

ሰው ተረቷን ሲጠቀም ሣር ሁልጊዜ ደካማው፣ ምስኪኑ ነው ብሎ ይወስዳል፣ እኔ ግን ታሪኩን ሳይ አንዱ ዝሆን ለሌላው ሣር ነው። አክሱም ለየመን ዝሆን ነበረች፣ ለሮምና ለፋርስ ግን ሣር ነበረች። ካሌብ የሾመውን ሰው አብርሃ የሚባል የራሱ የጦር አለቃ ገልብጦ የመንን ያዘ፣ ካሌብ ሁለቴ ጦር ልኮ ሁለቴም አልተሳካለትም። አብርሃ የማሪብን ግድብ ሲጠግን ድንጋይ ላይ ያስቀረፀው ፅሁፍ ዛሬም አለ፣ ከአክሱም ነጋሲ፣ ከሮም፣ ከፋርስ መልዕክተኞች እንደመጡለት ይዘረዝራል፣ ሁሉም እዛች ግድብ ስር ተሰብስበው አንዱ ሌላውን እያየ። ቁርአን ውስጥ ሱረቱል ፊል፣ የዝሆኑ ምዕራፍ፣ የሚያወራው ይሄው አብርሃ መካ ላይ ስለዘመተው ዘመቻ ነው ይባላል። እሱ ከሞተ በኋላ የመኖች በልጆቹ አገዛዝ ተማረው ወደ ፋርስ ሄደው አድኑን አሉ፣ በ570ዎቹ ፋርስ ጦር ልኮ አባረረላቸው። ከዛ ግን አልወጣም። አንዱን ዝሆን ለማስወጣት ሌላ ዝሆን ጠሩ፣ ግቢው ያው የዝሆን ሆኖ ቀረ። ያ ግድብም ብዙ ሳይቆይ ለመጨረሻ ጊዜ ፈረሰ፣ በሱ ውሃ የሚያለማው ህዝብ ተበተነ።

ዝሆኖቹስ? ከ602 እስከ 628 አንድ ትውልድ ሙሉ ተዋጉ። ፋርስ በ614 ኢየሩሳሌምን ይዞ መስቀሉን ወሰደ፣ ቀጥሎ ግብፅን፣ በ626 ቁስጥንጥንያ በር ላይ ደረሰ፣ ሮማዊው ሕርቃል ደግሞ ዞሮ በ627 ነነዌ አጠገብ አሸንፎ መስቀሉን አስመለሰ። የስንት አገር ህዝብ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ግብር ሲገብር፣ ከተማው ሲቃጠል፣ ሲማረክ 26 አመት አለፈ፣ መጨረሻ ላይ ድንበሩ ተመልሶ የነበረበት ቦታ! ይሄን ሳነብ ሁሌ ያናድደኛል። ሁለቱም ተዳክመው ስለነበር አዲስ የተነሱት አረቦች ሲመጡ የቆመላቸው የለም፣ በ636 የርሙክ ላይ ሮም ተሸንፎ ሶርያን ለቀቀ፣ የፋርሱ የመጨረሻ ንጉሥ በ651 መርቭ አካባቢ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተደብቆ ሳለ ተገደለ ይባላል። አክሱምም የቀይ ባሕር ንግዷ ደርቆ በዛው መቶ ዘመን ሳንቲም መምታት አቆመች፣ አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ዙላ አጠገብ አፈር ስር ናት።

ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ አይደለም። ከማሪብ ግድብ የቀረው ፍርስራሽ በ2015 የየመን ጦርነት በአየር ድብደባ ተመታ፣ ከጦርነቱ ጀርባ ደግሞ ያው ሁለት ትልልቅ ጎረቤቶች፣ ሳውዲና ኢራን አሉ። ካሌብ ጦር ጭኖ የተሻገረውን ባሕር ዛሬ ልጆቻችን ከጅቡቲና ከቦሳሶ በጀልባ እየተሻገሩ በዛ ጦርነት መሃል ወደ ሳውዲ ስራ ፍለጋ ያልፋሉ። በማርች 2021 ሰንዓ ውስጥ ከተማዋን በያዙት የሁቲ ታጣቂዎች ስር የነበረ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ እሳት ተነስቶ በአስሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሳውዲም ከኢራንም ጋር ምንም ጠብ አልነበራቸውም፣ ሲሄዱ ያሰቡት ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ብቻ ነበር።