የሞተር ሳይክል ካቴናና የኋላ ጎማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማርሽ ሲገባ ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ወይም ሞተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጭራውን ሲወዘውዝ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ካቴናው (ሰንሰለቱ) ነው። ይጠበቅና ድምፁ ለጥቂት ቀናት ጋብ ይላል፤ ከዚያ ብሶበት ይመለሳል። ከታች ያሉት አባባሎች በአሽከርካሪዎች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በጋራዥም የሚሰሙ ናቸው። የተሰጡት ልኮች ከ100 እስከ 150 ሲሲ ለሆኑ፣ እንደ ባጃጅ ቦክሰር ላሉ የሥራ ሞተሮች በጥቅሉ የሚሆኑ ናቸው፤ የሞተርዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው ግን የእሱን ይከተሉ።

«ካቴና በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ነው»

ከሁሉም የበለጠ ጥፋት የሚያደርሰው ይህ ነው። የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታና የፊተኛው ስፕሮኬት (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሰው ሲቀመጥ ወይም ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ በሁለቱ ስፕሮኬቶች መካከል ያለው ርቀትም ይጨምራል። የፊተኛው ስፕሮኬት፣ የክንዱ መታጠፊያና የጎማው ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) በአንድ መስመር ሲውሉ ካቴናው የመጨረሻውን ያህል ይወጠራል። ባዶውን ቆሞ የጠበቀ ካቴና ሁለት ሰው ተጭኖበት ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ የሚለቀው ነገር ስለሌለው፣ ጉልበቱ ሁሉ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ሻፍትና የኋላ ጎማው ኩሽኔታ (ጎማውን በኳሶች ላይ የሚያዞረው ቀለበት) ላይ ያርፋል። ከፊተኛው ስፕሮኬት ጀርባ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ፣ አንዱ ተጠርጣሪ ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴና ነው።

ሲለኩ ማርሹን ነፃ ያድርጉና የታችኛውን የካቴና መስመር መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። አጠቃላይ እንቅስቃሴው ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ለክተው አይተዉት፤ ጎማውን በእጅ ቀስ እያሉ ያዙሩና ካቴናው ከሁሉም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ላይ ያስተካክሉ። በጠበቀውና በላላው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ካቴናው እኩል አልተበላም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ካቴና የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም።

«ብረቱ እየተሳበ ይረዝማል»

ብረቱ አይሳብም። የሚበላው ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ ነው፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የተፈጠረች ትንሽ ክፍተት ተደማምራ ነው ካቴናው የሚረዝመው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በዓይን በማየት ሳይሆን በሜትር ለመፍረድ ስለሚያስችል ነው። 428 የሚል ቁጥር ያለው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወጥረው ከ1ኛው ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ሲለኩት አዲሱ 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟልና ይጣል፤ ከዚያ በፊት እንዲለወጥ የሚያዝዙ አምራቾችም አሉ። ሜትር በሌለበት ካቴናውን ከኋላኛው ስፕሮኬት የመጨረሻ ጫፍ ላይ ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡት። የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል።

«አንድ ቀለበት ቆርጦ ማሳጠር ይበቃል»

አይበቃም። ቢያጥርም በፒኖቹ መካከል ያለው የተለወጠ ርቀት እንዳለ ነው፤ ስለዚህ በጥርሱ ሥር መቀመጡ ቀርቶ ወደ ጫፉ እየወጣ ስፕሮኬቱን ይበላል። ጥርሱ እንደ መንጠቆ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈ ሦስቱን፣ ማለትም ካቴናውን፣ የፊተኛውንና የኋላኛውን ስፕሮኬት፣ አብሮ መለወጥ ነው የሚያዋጣው። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

«የተቃጠለ ዘይት ለካቴና ፍቱን ነው»

ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ ጥላሸት፣ አሲድና ደቃቅ የብረት ብናኝ አለ። ወደ ፒኑ የሚያስገቡት እሱን ነው። ግራሶም ቢሆን ከላይ ተቀብቶ ውስጥ አይገባም፤ አቧራ ሰብስቦ መሞረጃ ይሆናል። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይጠቡ፣ በጨርቅ ያድርቁ፣ ከዚያ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በታችኛው መስመር ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ማታ፣ ሞተሩ ከሥራ ሲገባ ካቴናው ገና ሞቅ ብሎ ሳለ ቢቀባ ዘይቱ እስኪነጋ ይሰርጋል፤ ጠዋት የተረፈውን ይጥረጉ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይድገሙት፤ በክረምት ደግሞ ከእያንዳንዱ ጭቃ በኋላ። በጎኑ ትንንሽ የጎማ ቀለበት ላለው ካቴና ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ።

ሞተሩን አስነሥቶ ማርሽ አስገብቶ ካቴና መጥረግ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ጨርቁን ሲይዘው ጣትንም አብሮ ይወስዳል፤ የተቆረጠ ጣት ደግሞ አይመለስም።

«የመገናኛው ክሊፕ በየትም ቢዞር ለውጥ የለውም»

የካቴናውን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን ቀለበት የሚቆልፈው ክሊፕ ዝግ ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። በላይኛው መስመር ላይ ሲሆን ዝጉ ወደ ፊት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ ይሆናል። ተገላብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም ሌላ ነገር ነክቶ ሊያወልቀው ይችላል።

«ቋ የሚለው ካቴናው ነው»

ካቴናው ልኩን ጠብቆ ሳለ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ቋ የሚል ከሆነ፣ በብዙ ሞተሮች ላይ የኋላኛው ስፕሮኬት ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጋር የሚገናኝባቸውን ጎሚኒዎች (ንዝረት የሚያበርዱ የላስቲክ ቁራጮች) ይመልከቱ። ሞተሩን አጥፍተው ማርሽ ያስገቡና ጎማውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ። ስፕሮኬቱ ቆሞ ሞዞው ብቻውን በግልጽ የሚሄድ ከሆነ ጎሚኒዎቹ ተበልተዋል። አሮጌ ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ መወተፍ ለመንገድ የሚሆን መላ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ሲጨማደድ ስፕሮኬቱን አጣሞ ያስቀምጠዋል።

«በክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች እኩል ከሆኑ ጎማው ቀጥ ብሏል»

ምልክቶቹ ጥሩ መነሻ ናቸው፤ በሚሊ ሜትሮች የሚሳሳቱበት ጊዜ ግን አለ። ከክንዱ መታጠፊያ መሃል እስከ ፔርኖው መሃል በግራም በቀኝም በገመድ ይለኩ። የስፕሮኬቱ ጥርስ በአንድ ጎኑ ብቻ እያንጸባረቀ ከሆነ ጎማው ተጣሟል። የፔርኖውን ዳዶ ሲያጠብቁ ጎማውን ወደ ፊት ገፍተው ይያዙ፣ ማስተማመኛ ፒኑን አይርሱ፣ የፍሬን ፔዳሉንም ክፍተት እንደገና ይፈትሹ፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ ታምቡር ፍሬኑ ራሱ ይጠብቃል።

«ጎማ ከተወዛወዘ ኩሽኔታ ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ሦስት ተጠርጣሪ አለ። ጎማውን ከመሬት አንሥተው ላይና ታቹን ይዘው ወደ ጎን ያወዛውዙ። ክንዱ ቆሞ ጎማው ብቻ ከተነቃነቀ ኩሽኔታ ነው። ክንዱ አብሮ ከሄደ የክንዱ ቡሽ ነው። ሁለቱም ጽኑ ሆነው ጎማው ሲዞር የሚዋኝ ከሆነ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) ተጣሟል ወይም ሽቦዎቹ ላልተዋል፦ ሽቦዎቹን በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ፤ የላላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዋኝ ቸርኬ ይስተካከል።

ኩሽኔታ ሲለወጥ የስፕሮኬቱ ተሸካሚ የራሱ ኩሽኔታ እንዳለውና እንደሌለው ይታይ፤ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። አዲሱ ሲገባ መዶሻው በውጭኛው ቀለበት በኩል ይምታው፤ በውስጠኛው ቀለበት ከተመታ ኳሶቹ መንገዳቸውን ጎድጉደው አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይበላሻል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የሚገባው ቱቦም ተመልሶ መግባቱን ያረጋግጡ። እሱ ከቀረ ፔርኖው ሲጠብቅ ውስጠኞቹ ቀለበቶች እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ይከብዳል፣ ኩሽኔታውም በአጭር ጊዜ ይፈርሳል።